የሳምንት ታይምሼር ወይስ የነጥብ? ለደሴና ለኮምቦልቻ ቤተሰብ የቀረበ ምዘና

ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ታይምሼር፣ ማለትም የሪዞርት ማረፊያን በየዓመቱ ለተወሰነ ጊዜ የመጠቀም መብት፣ የሚመጣው በስልክ ነው። ቨርጂኒያ ያለችው እህት ለእረፍት ፍሎሪዳ ኦርላንዶ ወርዳ «አጭር ገለጻ ብቻ ነው» ተብላ ትገባና ውል ፈርማ ትወጣለች። ዱባይ ያለው ወንድም «ስጦታ ደርሶሃል» ተብሎ ወደ ሽያጭ ቢሮ ይጠራል። ማታ በቤተሰቡ ግሩፕ ላይ የገንዳው፣ የሁለቱ መኝታ ቤቶችና የወጥ ቤቱ ፎቶ ይለቀቃል፤ ቀጥሎም «ሁላችንም እናዋጣና የጋራ ይሁን» የሚል ሐሳብ ይነሳል። ገንዘብ ከመላኩ በፊት ግን የሚሸጠው ሳምንት ነው ወይስ ነጥብ የሚለው መጣራት አለበት፤ ሳምንት በየዓመቱ አንድ ሳምንት የማረፍ መብት ነው፣ ነጥብ ደግሞ በየዓመቱ እየተሰጠ ሌሊቶች የሚያዙበት ሒሳብ ነው፤ ሁለቱም ታይምሼር ይባላሉ እንጂ በአጠቃቀም በጣም ይለያያሉ።

ፍርዳችንን እናስቀድም። ዓመታዊ ክፍያውን የሚከፍለው ሰው እዚያው አገር የሚኖር ከሆነና ቤተሰቡ በየዓመቱ በማይንቀሳቀስ ቀን የሚሰበሰብ ከሆነ፣ ከሰው እጅ (ከሽያጭ ቢሮ ሳይሆን ከቀድሞ ባለቤት) የተገዛ ሳምንት ከነጥብ ይሻላል። መሰባሰቡ በአረፋ ወይም በፋሲካ ከሆነ ነጥብ ይሻላል፤ ነገር ግን ከብዙ ወራት በፊት ሰዓቱን ጠብቆ ቦታ የሚይዝ ሰው በቤተሰቡ ውስጥ መኖር አለበት። ሁሉም እዚህ ሆኖ በብር የሚያዋጣ ከሆነ ደግሞ ሁለቱም አይገዙም፤ ከባለቤቶቹ ላይ መከራየት ያዋጣል።

ሳምንቱ የቆየው ዓይነት ነው። የሆቴል ኩባንያው ማሪዮት ሳምንት መሸጥ የጀመረው በ1984 እ.ኤ.አ. ሲሆን በ2010 ወደ ነጥብ ዞሯል። የዲዝኒ ኩባንያ ታይምሼር የሆነው ዲዝኒ ቫኬሽን ክለብ ግን በ1991 ከተጀመረበት ጊዜ አንስቶ በነጥብ ነው የሚሠራው። ዛሬ ትልልቆቹ የአሜሪካ ኩባንያዎች በአብዛኛው የሚሸጡት ነጥብ ስለሆነ፣ ሳምንት ፈላጊ የሚያገኘው ከቀድሞ ገዢዎች ነው። ይህ ለገዢ መልካም ነው፤ አንዳንድ ሳምንት ባለቤቱ ከዓመታዊ ክፍያው ለመገላገል ብሎ በ1 ዶላር ወይም በነጻ ይሰጠዋል። በተመሳሳይ ሪዞርት ከሽያጭ ቢሮው የሚገዛ ሰው በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ሊከፍል ይችላል።

የሳምንት ባለቤትነት አሠራር ቀላል ነው። የአንድ አፓርትመንት ዓመት በ52 ሳምንት ይከፈላል፤ በየጥቂት ዓመቱ 53ኛ ሳምንት ይመጣል፤ የእሱን ባለቤት ውሉ ላይ ማየት ያስፈልጋል። ቋሚ ሳምንት የገዛ ሰው በየዓመቱ ያንኑ የሳምንት ቁጥር፣ ብዙ ጊዜም ያንኑ የቤት ቁጥር ያገኛል። ማንንም አይጠይቅም፤ ቦታ አይዝም፤ ቀኑ ሲደርስ ይገባል። ተንሳፋፊ ሳምንት የገዛ በአንድ ወቅት ውስጥ የፈለገውን ሳምንት በቅድሚያ ይይዛል። በየተራ የሚዞር ሳምንትም አለ፤ እንዲሁም በየሁለት ዓመቱ በጎዶሎ ወይም በሙሉ ቁጥር ዓመት ብቻ የሚያገለግል። መግቢያው አብዛኛውን ጊዜ ዓርብ፣ ቅዳሜ ወይም እሑድ ነው።

የእኛ ሰው በተለይ ሊያስተውለው የሚገባው የቀን አቆጣጠሩን ነው፤ ሻጩ አይነግራችሁም፣ አያውቀውምም። የሳምንቶቹ ቁጥር የሚሄደው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ሪዞርቱ ሳምንት 1ን ከጃንዋሪ የመጀመሪያ ቅዳሜ የሚቆጥር ከሆነ፣ ጃንዋሪ 7 የሚውለው ገና ሁልጊዜ ሳምንት 1 ውስጥ ይገባል። ጥምቀት ግን ይንሸራተታል፤ አብዛኛውን ጊዜ ሳምንት 3 ውስጥ ይውላል፣ የመጀመሪያው ቅዳሜ ጃንዋሪ 6 ወይም 7 ላይ ሲሆን ደግሞ ወደ ሳምንት 2 ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ «ለጥምቀት» ብሎ ሳምንት 3ን የገዛ ቤተሰብ በአንዳንድ ዓመት ከበዓሉ ማግስት ይገባል። ፋሲካ ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ባለው ጊዜ ይመላለሳል፤ ይህን አምስት ሳምንት የሚሸፍን ቋሚ ሳምንት የለም። ኢድ አል ፈጥር፣ አረፋና መውሊድ ደግሞ በየዓመቱ ከ10 እስከ 11 ቀን ወደ ኋላ ስለሚመጡ በሦስት ዓመት አንድ ወር ያህል ይለወጣሉ። በአንድ ቤት ውስጥ ሁለቱንም በዓል የሚያከብር ዘመድ በሞላበት ወሎ፣ ቋሚ ሳምንት ለገና እንጂ ለሌላው አይሆንም። ለገና ግን ከእሱ የሚሻል የለም።

ተንሳፋፊው ሳምንት ይህን በከፊል ያቃልላል፤ ነገር ግን ወቅቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ የሚፈልገው ያችኑ ጥቂት ሳምንት ነው። መስከረም 21 ለግሸን ማርያም ሲደርስ ደሴ አልጋ አስቀድሞ ያልያዘ ምን እንደሚገጥመው የከተማው ሰው ያውቃል። የኦርላንዶ ጁላይም እንደዚያው ነው። የልጆቻችን የክረምት ዕረፍት ሐምሌና ነሐሴ ከእነሱ ከፍተኛ ወቅት ጋር ስለሚገጥም፣ ልጅ ይዞ የሚሄድ ቤተሰብ ሁልጊዜ ውድ በሆነው ጊዜ ነው የሚወዳደረው። ዝቅተኛ ወቅት ያለው ተንሳፋፊ ሳምንት በርካሽ ሲቀርብላችሁ ሐምሌን ይጨምር እንደሆነ መጀመሪያ ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ አይጨምርም።

ሳምንቱን በሌላ ሪዞርት መቀየር ይቻላል። አርሲአይና ኢንተርቫል ኢንተርናሽናል የሚባሉ የልውውጥ ኩባንያዎች፣ የመጀመሪያው ከ1974፣ ሁለተኛው ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠሩት ይህንኑ ነው። ባለቤቱ ሳምንቱን ያስገባል፤ አርሲአይ በፍላጎቱ፣ በወቅቱና በቤቱ ስፋት መሠረት የመለዋወጫ ዋጋ በቁጥር ይሰጠዋል፤ በዚያ ቁጥር ልክ ሌላ ቦታ ይመረጣል። ሳምንቱ ከመድረሱ 9 ወርና ከዚያ በላይ ሲቀረው ቢገባ ሙሉ ዋጋውን ያገኛል፤ ጊዜው ባጠረ ቁጥር ዋጋው ይቀንሳል። የሚረሳው ነገር ወጪው ነው፤ የዓመት አባልነት ለብቻው፣ በእያንዳንዱ ልውውጥ ላይ ደግሞ ከ200 ዶላር በላይ ይከፈላል። በየዓመቱ ለመለዋወጥ አስቦ ሳምንት የሚገዛ ሰው ስሌቱ አይሠራለትም። ሳምንት የሚገዛው እዚያው ቦታ፣ በዚያው ጊዜ ለመግባት ነው።

ወደ ነጥብ እንምጣ። ገዢው በየዓመቱ የተወሰነ ነጥብ ይሰጠዋል፤ እያንዳንዱ ሌሊት እንደ ሪዞርቱ፣ እንደ ክፍሉ ስፋት፣ እንደ ወቅቱና እንደ ዕለቱ በሰንጠረዥ የተቀመጠ የነጥብ ዋጋ አለው። ለምሳሌ 7,000 ነጥብ ያለው ሰው እንውሰድ። ዓርብና ቅዳሜ ሌሊት እያንዳንዳቸው 1,500፣ ሌሎቹ አምስት ሌሊቶች እያንዳንዳቸው 800 ነጥብ ቢሆኑ ሙሉው ሳምንት በትክክል 7,000 ይጨርሳል። ሰውየው በሁለት ጉዞ ከእሑድ እስከ ሐሙስ ያሉትን ሌሊቶች ብቻ ቢመርጥ ግን በዚያው ነጥብ 8 ሌሊት ያገኛል፤ 6,400 ያወጣል፣ 600 ይተርፈዋል። ያ 600 አንድ ሌሊት አይገዛም። ለሚቀጥለው ዓመት ካላዛወረው ወይም ጨምሮ ካልገዛ ይቃጠላል። የነጥብ ጥቅሙም ብክነቱም እዚህ ላይ ነው፤ ቀናቱን መከፋፈል ለሚችል ሰው ይረዝማል፣ ቅዳሜና እሑድን ብቻ ለሚፈልግ ሰው ያጥራል።

ለደሴ እንግዳ ይህ መከፋፈል የሚመስለውን ያህል አይጠቅምም። ከደሴ ወይም ከኮምቦልቻ ተነስቶ በአዲስ አበባ በኩል ፍሎሪዳ ለመድረስ ሁለት ቀን ያህል ይሄዳል፤ መመለሱም እንዲሁ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት የመጀመሪያ ዓመት ሠራተኛ የዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ነው፤ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። የኮምቦልቻ ፋብሪካ ሠራተኛ ይህን ፈቃዱን ይዞ ሦስት ቦታ ሁለት ሁለት ሌሊት አያድርም። አንድ ጊዜ ነው የሚሄደው፤ ከርሞ ነው የሚመለሰው። በየወሩ መጨረሻ በመኪና የሚወርዱት እዚያው ያሉት ዘመዶች ናቸው ከመከፋፈሉ የሚጠቀሙት። እናዋጣ ሲባል ይህ በግልጽ ቢነገር ኋላ ቅሬታ አይመጣም።

ነጥብ የሚያስጨንቀው ቦታ አያያዙ ላይ ነው። ዲዝኒ ቫኬሽን ክለብ ውስጥ ገዢው በራሱ ሪዞርት ከ11 ወር በፊት፣ በሌሎቹ ደግሞ ከ7 ወር በፊት ነው መያዝ የሚችለው። ሂልተን ግራንድ ቫኬሽንስ በተባለው ሌላ የነጥብ ኩባንያ ውስጥ ለራስ ሪዞርት ከ12 እስከ 9 ወር ድረስ ቅድሚያ አለ፤ 9 ወር ሲቀረው ለሁሉም አባል ይከፈታል። ተፈላጊ ክፍሎች በመጀመሪያው ጠዋት ያልቃሉ። የዲዝኒው ድረ ገጽ የሚከፈተው በምሥራቅ አሜሪካ ሰዓት ከጠዋቱ 8 ላይ ነው፤ ይህ ደሴ ላይ ከቀኑ 9 ሰዓት፣ በእነሱ የብርድ ወቅት ደግሞ 10 ሰዓት ነው። ከዚህ ሆኖ ያንን ደቂቃ መጠበቅ መብራትና ኔትወርክ ይጠይቃል። በ2015 ነሐሴ የሞባይል ዳታ በአማራ ክልል ሲቋረጥ ለወራት ቆይቷል፤ በ2014 ጥቅምት ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ መንገድም ባንክም ስልክም ቆሟል። የመግቢያ ስሙና የይለፍ ቃሉ ደሴ ባለ ሰው እጅ ብቻ ከሆነ ነጥቡ በዝምታ ጊዜው ያልፋል። ስለዚህ አካውንቱ ውጭ ባለ አንድ ታማኝ ሰው እጅ ይሁን፤ የማዛወሪያው ቀነ ገደብም ለሁለት ሰው ይጻፍ። በዲዝኒው አሠራር ያልተጠቀሙበትን ነጥብ ወደ ቀጣዩ ዓመት ማዛወር የሚቻለው በነጥቡ ዓመት የመጀመሪያ 8 ወራት ውስጥ ነው፤ የነጥቡ ዓመት ደግሞ በውሉ ላይ ከተጻፈው ወር እንጂ ከጃንዋሪ አይጀምርም። ቋሚ ሳምንትም በእንዲህ ያለ ጊዜ ይጠፋል፤ ቢያንስ ግን ለመለዋወጥ ማስገባት ወይም ዘመድ መላክ ይቻላል።

ሰንጠረዡስ ይለወጣል? ይለወጣል። በዲዝኒው የአንድ ሪዞርት ጠቅላላ የዓመት ነጥብ አይጨምርም፤ አንዱ ሌሊት ከተወደደ ሌላው መርከስ አለበት። ይህ ጥሩ መከላከያ ነው፤ ቢሆንም የእናንተ ሳምንት የተወደደው ሊሆን ይችላል። ሌሎች ፕሮግራሞች ውስጥ ኩባንያው አዲስ የአባልነት ደረጃ ያወጣና ተፈላጊውን ቦታ ወደዚያ ይወስዳል፤ የቀድሞው ገዢ እንደገና ወደ ገለጻ ተጠርቶ «ከፍ ይበሉ» ይባላል። ሂልተን ግራንድ ቫኬሽንስ ዳይመንድ ሪዞርትስ የተባለውን ሌላ የታይምሼር ኩባንያ በ2021 እ.ኤ.አ. ከገዛ በኋላ በ2022 አዲስ ደረጃ አውጥቷል። ቋሚ ሳምንት ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይደርስም፤ ሳምንት 1 ሳምንት 1 ነው። እኛ ለሳምንት የምናደላው በዋነኛነት በዚህ ምክንያት ነው።

ነጥብን ከሰው እጅ መግዛት ይረክሳል፤ ግን መብቱ ሊቆረጥ ይችላል። ዲዝኒ ከጃንዋሪ 19 ቀን 2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከሰው እጅ የተገዛ ነጥብ ከዚያ በኋላ በተከፈቱ ሪዞርቶች እንዳይሠራ አድርጓል። ኩባንያው በስምምነቱ ዋጋ ራሱ ቀድሞ የመግዛት መብትም አለው፤ ስለዚህ ዝውውሩ ወራት ሊወስድ ይችላል። ከዚህም ሌላ ከቀድሞዎቹ የዲዝኒ ሪዞርቶች የበርካታዎቹ ውል ጃንዋሪ 31 ቀን 2042 ያልቃል፤ ዛሬ የሚገዛ ሰው የሚገዛው የቀረውን ዓመት ብቻ ነው። በሌላ በኩል ለዘለዓለም የሚል ውል ያለው ሳምንት ደግሞ ዕዳውም ለልጅ እንዳይተላለፍ ማየት ይጠይቃል። ማለቂያ ያለው ውል መጥፎ ነው ብላችሁ አትሽሹ።

ዓመታዊ የጥገና መዋጮው በሁለቱም አለ። እንደ ቅሬ (ዕድር) መዋጮ ነው፤ በዚያ ዓመት ብትጠቀሙም ባትጠቀሙም ይከፈላል። የሁለት መኝታ ቤት ሳምንት በአሜሪካ ከ1,000 ዶላር በላይ መክፈል የተለመደ ነው። 1,200 ዶላር ነው እንበልና በየዓመቱ 5 በመቶ ቢጨምር፣ ከአሥር ዓመት በኋላ 1,955 ዶላር ገደማ ይሆናል። በብር ሲታይ ከዚህ የከፋ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ያው 1,200 ዶላር 68,400 ብር ነው። ዶላር 100 ብር ሲያልፍ ደግሞ ከ120,000 ብር በላይ ሆነ። ሪዞርቱ አንድ ሳንቲም ሳይጨምር የደሴው ሰው ድርሻ በእጥፍ ሊጠጋ ችሏል። በብር የሚያዋጣ ሰው አይግዛ ያልነው ለዚህ ነው።

ጣሪያ ሲነሳ ወይም አውሎ ነፋስ ሲመታ ከመዋጮው በላይ ልዩ ክፍያ ይጣላል። ስለዚህ ከመግዛት በፊት የሦስት ዓመት የመዋጮ ደረሰኝና የመጠባበቂያ ገንዘቡን መጠን መጠየቅ ተገቢ ነው። ሽያጭ ቢሮው የሚሰጠው ብድር ደግሞ ወለዱ ብዙ ጊዜ ከ12 በመቶ በላይ ስለሆነ በፍጹም አይወሰድ። ለእረፍት የሚበደር ሰው የሚከፍለው ወለድ ሌላ ሳምንት ያከራየዋል።

ለቤተሰብ ስትይዙ ሁለት ነገር ይበላሻል። አንዱ የሰው ብዛት ነው። «ለ6 ሰው» የሚለው ሳሎን ውስጥ ተዘርግቶ አልጋ የሚሆነውን ሶፋ ጨምሮ ነው፤ አባትና እናት፣ ልጆችና አክስት ተደርበው ስምንት ሆነው ቢመጡ ሊመለሱ ይችላሉ። ሌላው የእንግዳ ስም ነው። ባለቤቷ እህት ሳትኖር እናትና አባት ብቻቸውን የሚገቡ ከሆነ በስማቸው የእንግዳ ማረጋገጫ መውጣት አለበት፤ በብዙ ፕሮግራሞች ለእሱም ይከፈላል። ስሙ በፓስፖርቱ ላይ እንደተጻፈው፣ የአባትና የአያት ስም ቅደም ተከተሉን ጠብቆ ይሞላ። ሲገቡ ለመያዣ የባንክ ካርድ ስለሚጠየቅ ይህን እህት አስቀድማ በስልክ ትጨርስላቸው። ደግሞም ታይምሼር ቪዛ አያሰጥም፤ ሻጭ እንዲያ ካለ ውሉን ትታችሁ ውጡ።

ተፈርሞ ከሆነስ? ጊዜው አጭር ስለሆነ ቀን አይባክን። በፍሎሪዳ ከተፈረመበት ወይም የመጨረሻው ሰነድ ከደረሰበት፣ ከዘገየው ቀን ጀምሮ 10 ቀን አለ፤ በኔቫዳ 5 ቀን ነው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች 14 ቀን ሲሆን በዚያ ጊዜ ውስጥ ቅድሚያ ገንዘብ መቀበልም ክልክል ነው። ከውሉ መውጣት በስልክ አይሆንም። የውሉ ቁጥር፣ የገዢዎቹ ሁሉ ስምና ፊርማ፣ ቀኑና «ውሉን ሰርዣለሁ» የሚል አንድ ግልጽ ዓረፍተ ነገር ያለበት ደብዳቤ ውሉ ላይ በተጻፈው አድራሻ በአደራ ፖስታ ይላካል፤ የፖስታ ደረሰኙ ይቀመጣል። ሁለት ሰው ፈርሞ አንዱ ብቻ ቢጽፍ ክርክር ይነሳል። ጊዜው ካለፈ በኋላ «ቅድሚያ ክፈሉና እናስወጣችኋለን» ለሚሉ ደዋዮች ገንዘብ አይላክ፤ መጀመሪያ ሪዞርቱ ራሱ መልሶ ይወስድ እንደሆነ በጽሑፍ ይጠየቅ።

በአገር ውስጥ በሐይቅ ዳር ወይም በሌላ ቦታ የሚገነባ ሪዞርት ሳምንት ወይም ነጥብ ሲያቀርብላችሁ መለኪያው ይለያል። የምትገዙት የቤት ድርሻ ነው ከተባለ፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 መሠረት በማይንቀሳቀስ ንብረት ላይ የባለቤትነት ወይም የአላባ (በንብረቱ የመጠቀም) መብት የሚሰጥ ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት መደረግ አለበት። ሻጩ ወደዚያ አልሄድም ካለ የሸጠላችሁ ቤት ሳይሆን የመስተንግዶ ቃል ኪዳን ነው፤ ዋጋውም በዚያ ልክ ይሁን። የይዞታ ካርታው በማን ስም እንደሆነ፣ በባንክ ዕዳ የተያዘ መሆን አለመሆኑን፣ ግንባታው ካላለቀ ገንዘቡ በምን ሁኔታ እንደሚመለስ ይጻፍ። የመውጫ ቀን ውሉ ላይ ካልሰፈረ አለ ብላችሁ አትተማመኑ።

ለመከራየት ለመረጣችሁ ደግሞ አካሄዱ ይህ ነው። ባለቤቱ ሳምንቱን ወይም የያዘውን ቦታ በእናንተ ስም ያዛውራል፤ ማረጋገጫው በኢሜይል ይደርሳችኋል፤ ከዚያ ውጭ ያለው ዘመዳችሁ በማረጋገጫው ቁጥር ወደ ሪዞርቱ ራሱ ደውሎ ስማችሁ መኖሩን ሲያጣራ ግማሹ ይከፈላል። ቀሪው ከመግቢያው 30 ቀን በፊት ቢሆን ይመረጣል። ዋጋው ከባለቤቱ ዓመታዊ መዋጮ ብዙም ካልራቀ ተገቢ ነው፤ ብዙ ባለቤቶች መዋጮአቸውን ከመለሱ ይበቃቸዋል። ቪዛ ሳይወጣ ግን አይከፈል፤ የተከራየ ሳምንት በአብዛኛው ገንዘቡ አይመለስም።